ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ገበጣ

ነገር ነገርን ሲጎትት ስሙ፤ እኔ ጫፉን ልያዝ፣ እናንተ ተከተሉኝ።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጦይባ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ታላቅ እህቷ ዘይነባ ጅማ ተድራ እዚያው ቀርታለች። አንድ ቀን ጠዋት ዘይነባ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ደወለች።

«ጦይብዬ፣ የተሰበረ ዳሌዬን ነገ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉልኝ ነው።»

«ፈራሽ እንዴ፣ እታለም?»

«ፈራሁ እንጂ! ልጄ ስልኬ ላይ የገበጣ ጌም ጭናልኛለች። አንቺም ብትጭኚው እኔ ከዚህ አንቺ ከዚያ እንጫወታለን። እንደ ልጅነታችን፣ አንድ ጨዋታ ብቻ። ልቤ ሌላ ነገር ያስብልኝ። ግን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነርሷ ስልክ ትከለክለኛለች።»

«ዛሬ እንጫወታለን» አለች ጦይባ። ቃሏ ወጣ፤ የጦይባ ቃል ደግሞ ከወጣ አይመለስም።

ጌሙን ልትጭን ስትነካው ስልኩ «ቦታ የለም» አለ። ሆዱ በፎቶ ጢም ብሏል፤ የሟች ባሏ ፎቶ፣ የልጆቿ ሠርግ፣ የሰፋችው ቀሚስ ሁሉ። አንዱንም ማጥፋት አልሆነላትም። ስልኩን ይዛ ወደ ሞባይል ጠጋኙ እንድሪስ ሄደች።

«ቀላል ነው፣ እትዬ ጦይባ» አለ እንድሪስ። «ፎቶዎቹን በኮምፒውተሬ ወደ ሜሞሪ እገለብጥልዎታለሁ። ግን መብራት ጠፍቷል። ፀጉር አስተካካዩ ከማል ጄኔሬተሩን ካስነሳ ገመድ ስቤ እሠራልዎታለሁ።»

ጦይባ ወደ ከማል ሄደች። በከማል ወንበር ላይ ግማሽ ራሱ ብቻ የተላጨ ደንበኛ ተቀምጦ ይቆዝማል።

«ከማል፣ ጄኔሬተርህን አስነሳልኝ። ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ኮምፒውተሩ አይበራም፤ ኮምፒውተሩ ካልበራ ፎቶው አይገለበጥም፤ ፎቶው ካልተገለበጠ ስልኩ ጌሙን አይቀበልም፤ ስልኩ ካልተቀበለ እታለም ገበጣ አትጫወትም።»

«ባስነሳው ደስታዬ ነበር፤ ይኼን ሰውዬም እገላግለው ነበር» አለ ከማል። «ቤንዚን የለኝም። በባጃጇ የምታመጣልኝ ፈንታዬ ዛሬ ቀረችብኝ።»

ጦይባ ወደ ፈንታዬ ሄደች። ፈንታዬ በሁለት እግሩ የቆመ ባጃጇ አጠገብ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ፈንታዬ፣ ተነሽ እንጂ! ባጃጁ ካልሄደ ቤንዚን አይመጣም፤ ቤንዚን ካልመጣ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ኮምፒውተሩ አይበራም፤ ኮምፒውተሩ ካልበራ ፎቶው አይገለበጥም፤ ፎቶው ካልተገለበጠ ስልኩ ጌሙን አይቀበልም፤ ስልኩ ካልተቀበለ እታለም ገበጣ አትጫወትም።»

«በምን ልሂድ፣ እትዬ? የፊት ጎማዬ ተንፍሷል። ፈትቼ ይማም ጎሚስታ ዘንድ ከጣልኩት ሦስት ሰዓት ሆነው። እሺ፣ እሺ ይላል፤ ቀና ብሎ አላየኝም።»

ጦይባ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ይማም ወረደች። ይማም በተከመሩ ጎማዎች ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አጎንብሷል።

«ይማም! ጎማው ካልተጠገነ ባጃጁ አይሄድም፤ ባጃጁ ካልሄደ ቤንዚን አይመጣም፤ ቤንዚን ካልመጣ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ኮምፒውተሩ አይበራም፤ ኮምፒውተሩ ካልበራ ፎቶው አይገለበጥም፤ ፎቶው ካልተገለበጠ ስልኩ ጌሙን አይቀበልም፤ ስልኩ ካልተቀበለ እታለም ገበጣ አትጫወትም!»

«ምያለሁ፣ እትዬ» አለ ይማም፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «መቶ አርባኛውን ደረጃ ሳላልፍ ጎማ አልነካም ብዬ ምያለሁ። ሁለት ቀኔ ነው።»

ጦይባ ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። ቁጣ ሰዓት ይበላል። አንድ አሮጌ ጎማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሳየኝ።»

«ጌም ያውቃሉ እንዴ?»

«አላውቅም። አሳየኝ።»

ቀለማት የተደባለቁባቸው ጠርሙሶች ናቸው። አንዱን በአንዱ ላይ እየገለበጡ ቀይን ከቀይ፣ ሰማያዊን ከሰማያዊ መለየት ነው። ይማም ገለበጠ፣ ገለበጠ፣ ተዘጋበት። ደገመ፣ ተዘጋበት። ሠለሰ። ጦይባ ጣቱን እየተከተለች አየች። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ዘጠኝ ሆነ።

«ሁልጊዜ ቀዩን ነው መጀመሪያ የምታነሳው። ለምን?»

«ቀላሉ እሱ ነዋ።»

«እስኪ ቀላሉን ተወው።»

በሰማያዊው ጀመረ፤ ራቅ ብሎ ሄዶ ተዘጋበት። «አልሆነም!» ብሎ ስልኩን ሊያስቀምጥ ሲል ጦይባ እጁን ያዘችው። «ድገመው።» ደገመ። «ቀስ በል። ያቺን ባዶ ጠርሙስ አትንካት፤ መጨረሻ ላይ ትፈለጋለች።» አንዴ ተዘጋበት፤ ሁለቴ ተዘጋበት። በሚቀጥለው ቀለማቱ አንድ በአንድ ወደየጠርሙሳቸው ገቡና ስልኩ ሙዚቃ አሰማ።

«ወላሂ አለፈ!» ይማም ከጎማ ክምሩ ላይ ዘሎ ወረደ።

እንግዲህ ተመልከቱ! ደረጃው አለፈና ይማም ጎማውን ጠገነ፤ ጎማው ተጠገነና ባጃጁ ሄደ፤ ባጃጁ ሄደና ቤንዚን መጣ፤ ቤንዚን መጣና ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳና ሰውዬው ቀሪ ራሱን ተላጨ፣ ኮምፒውተሩም በራ፤ ኮምፒውተሩ በራና ፎቶው ተገለበጠ፤ ፎቶው ተገለበጠና ስልኩ ጌሙን ተቀበለ። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጦይባ ስልክ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች ተከፈቱ፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር።

«እታለም፣ መጣሁ!»

«እህ! እኔማ ሸሽተሽ መስሎኝ» አለች ዘይነባ። ተጫወቱ። አንዷ ስትበላ ሌላዋ ትጮሃለች፤ የእንድሪስ ደንበኞች ሁሉ ከበው አዩ። ጨዋታው ሳያልቅ ነርሷ መጣች። ዘይነባ ስልኩን ከመስጠቷ በፊት ፈጥና ጻፈች፦ «ተራው የኔ ነው። አንዲት ጠጠር እንዳትነኪ። ከቀዶ ጥገናው ስወጣ እጨርስሻለሁ።»

በማግስቱ ጦይባ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ አንድ ክር እንኳ ሳታስገባ ዋለች። ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ስልኩ ነዘረ። ጠጠሮቹ በራሳቸው ተነሱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ከጉድጓድ ጉድጓድ ዘለቁና አራቱን የጦይባን ጠጠሮች በሉ። ከሥራቸው እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦

«ተራው ያንቺ ነው።»