ሲጠሩት ያልደረሰው ሽፍታ

አይ አይ አይ፣ «ጽፌዋለሁ» አትበለኝ! መጻፍማ ማንም ይጽፋል። ምናሴ፣ እዚህ ጋ ነው የምትሳሳተው። «ወረቀቱን ማደራጀት ምን ያደርግልኛል?» ነው ያልከኝ አይደል? በል ይሄን ቮይስ ሳትዘል ስማው።

አንድ ሰው ነበረ። አጫዋች ነው፣ እንዳንተ። እሑድ እሑድ ጓደኞቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበስብና ተረት ይጀምርላቸዋል፤ እነሱ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ነጋዴ ሆነው ይገቡበታል። የት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚናገሩ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ነገር ሲከብድ ዳይስ ይጣልና የወጣው ቁጥር ይፈርዳል። በአንድ ተረት ዓመት አለፋቸው። ሰውየው ደግሞ ሰነፍ አልነበረም፣ ይጽፋል። የደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ የመድኃኒት ከረጢት ላይ፣ ያገኘው ላይ። ከዛ ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ ይጠቀጥቀዋል።

ከተጫዋቾቹ አንዱ በያጅ ነበር። ምላሱን ይይዘዋል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ «እግዜር ያጽናችሁ» ለማለት ይፈራል። ጨዋታው ላይ ጨው ነጋዴ ነው፣ ግን አፉን የማይከፍት ጨው ነጋዴ። አንድ እሑድ ሽፍቶች መንገድ ላይ ያዟቸው። ሌላው ሰይፍ ሲመዝ እሱ ብድግ አለና የሽፍቶቹን አለቃ ማናገር ጀመረ። ምላሱ አልያዘውም! ቃሉ እንደ ውሃ ፈሰሰለት። አጫዋቹ ራሱ ፈዞ ቀረ፤ እንደ አለቃው ሆኖም ማለለት፦ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ። በፈረስ ስሜ፣ አባ ነጎድ ብለህ ጥራኝ። የትም ብሆን እደርስልሃለሁ።» ጻፈውም። ፌስታሉ ውስጥ ከተተው።

ወራት አለፉ። ገደል አፋፍ ላይ ጠላት ከበባቸው፣ ዳይሱም ከዳቸው። አለቀልን ሲሉ በያጁ ተነሳ። ፊቱ በርቷል። «አባ ነጎድ!» ብሎ ተጣራ።

አጫዋቹ ማን እንደሆነ ጠፋው። እጁን ፌስታሉ ውስጥ ሰደደ፤ የበቅሎ ዋጋ፣ የመንደር ስም፣ ግማሽ ካርታ። ሁሉም ያዩታል። አላበው። «ቆዩ፣ ረስቼዋለሁ» ቢል ምን ነበረበት? አፈረ። «ተራራው ዝም አለ። እንደዛ የሚባል ሰው የለም» አለ።

«ኧረ ባለ ጨው፣ በህልምህ ነው ያየኸው?» አለ አንዱ። ሳቁ። እነሱም ረስተውታል፤ አጫዋቹ ራሱ «የለም» ካለ ማን ይከራከራል? በያጁ «ማ... ማ... ማለልኝ እኮ» ሊል ፈለገ፣ አልወጣለትም። ተቀመጠ።

በማግስቱ ሰውየው ፌስታሉን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። አንድ የመድኃኒት ከረጢት አገኘ፤ በገዛ እጁ ጽሑፍ፣ «አባ ነጎድ፣ ሲጠራው ይደርሳል» ይላል። ብየዳ ቤቱ ድረስ ሮጦ ጥፋቱን ነገረው። በያጁ ጭምብሉን ገልጦ ሰማው።

«ግ... ግድ የለም ወንድሜ፣ ጨዋታ ነው እኮ» አለውና ጭምብሉን መለሰ። ከዛ ወዲህ አልመጣም። ሰውየው ዛሬ ወረቀቱ ሁሉ በየስሙ፣ በየቦታው ተለይቶ ተቀምጧል። ምን ዋጋ አለው? ያ ልጅ እንደዛ የተናገረበት ቀን አይመለስም።

እንግዲህ ሰውየው አንተ ነህ፣ ምናሴ። ተጫዋቾችህ የሚሰጡህ ነገር አደራ ነው። አደራ ደግሞ የሆነ ቦታ ስለከተትከው አልተጠበቀም፤ ባለቤቱ ሲጠይቅህ እጅህ ላይ ከሌለ በልተኸዋል፣ አለቀ! አብራን የምትጫወተው ሶልያና ትናንት «ያቋቋምኳት መንደር ምን ሆነች?» ስትልህ፣ «ቴሌግራም ላይ የሆነ ቦታ አለ» ብለህ አልፈሃት ሄድክ። እንባዋን ውጣ ነው የወጣችው። አንተ አላየህም፤ እኔ ግን አይቻታለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ ቁጭ ብለህ ይሄን ወረቀትህን እስክትለይ ስንት ሰው ነው ማጣት ያለብን?