ቸኮሌት የለበሰው በለስ

አንድ ጊዜ፣ ይላሉ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ይህን ያወጉን እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ዳለቻ የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። ከጫካው ዳር፣ ከወንዙ ከፍ ብላ ባለች ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ጀርባዋ በጭነት የተላጠ ነው፤ ፊቷ ግን ለማንም አይጠቁርም። እሳት ልትጭር ቤቷ የሄደች ጎረቤት እሳቱንም፣ ጨውንም፣ የቀኑን ወሬም ይዛ ትመለሳለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጳጉሜን ላይ፣ ጌታው አንበሳና ባለቤቱ እመት አንበሲት ለጫካው ሁሉ ይደግሳሉ። አውሬው ምንጣፍ ላይ ተኮልኩሎ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እስኪልበው ይጨፍራል። ዳለቻ ግን አንድም ዓመት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ዱቄቱን የምታመጣው እሷ፣ ጋኑን የምትሸከመው እሷ፣ ሲበላ ደግሞ ደጅ ከማገዶው አጠገብ ቆማ ሣር የምትነጨው እሷ። ለክፋት አልነበረም። ጭነቱ ከወረደ በኋላ እሷም አብራ የወረደች እየመሰላቸው ይረሷታል። እሷ ግን በየዓመቱ በበሩ ስንጥቅ ያን ምንጣፍ ታየው ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ ጥለት አለው።

የዚያን ዓመት እመት አንበሲት እንዲህ ብላ አስነገረች፦

«ልጆቼ ሥጋ ሰልችቷቸዋል። ለበዓሉ ጣፋጭ ሠርቶ ያመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከጎኔ ምንጣፌ ላይ ይቀመጣል!»

የዳለቻ ሁለቱም ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ለካ በዚያው ሰሞን ከከተማ ቸኮሌት ያስጫናት ነጋዴ ካርቶኑ ወድቆበት፣ «ስብርባሪውን ማን ይገዛኛል፣ ውሰጂው» ብሎ አንድ ከረጢት ሙሉ ሰጥቷት ኖሯል። አሠራሩንም ዐይታለች። ኬክ ቤት በር ላይ ጭነቷን እስኪያወርዱላት ስትቆም፣ ባለሙያዋ እንጆሪ ከቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ እየነከረች ስታወጣ አንድም ነገር አላመለጣትም። ሥራ ፈትቶ የቆመ ዐይን ብዙ ይማራል።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት እንጆሪዋን ለቀመች፤ ሙዟን ልጣ ቆራርጣ ስንጥር ሰካችበት። በለሱን በሣር አሽታ እሾሁን አራገፈች፣ ላጠችውም። ሁሉንም አጥባ አንድ በአንድ ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ፊት ጠረገችው። ከዚያ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልታ ጣደችና፣ ትንሿን ድስት ከነቸኮሌቱ አፉ ላይ አስቀመጠች።

ይሄኔ እመት ቀበሮ ሽታውን ተከትላ ከች አለች። አፍንጫዋ ከእሷ ቀድሞ ነው በር የሚገባው።

«ቤቶች! ዳለቻዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ ሰፈሩን ያወደው?»

«ይግቡ እመት ቀበሮ፣ እንኳን መጡልኝ። ለነገው ድግስ ፍራፍሬ ቸኮሌት ላለብስ ነው።»

«ታለብሺዋለሽ? ምነው፣ በርዶት ነው?»

ዳለቻ እስክትፈርስ ሳቀች። ቀበሮም ድስቱ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እሳቱ ላይ አትጥጂውም? በእንፋሎት ማባበሉ ምንድን ነው?»

«እሳት ከነካው ያርራል እመት ቀበሮ። ቁጡ ነገር ነው።»

«ይህን ሁሉ መጥረግስ? ክንድሽ አይዝልም?»

«ውሃ ጠብ ካለበትማ አለቀለት! እንደ ጭቃ ይጓጉላል። የኬክ ቤቷ ሴትዮ ረዳቷን በዚህ ስትቆጣት ሰምቻለሁ።»

ቀበሮ የሰማቻት ግማሹን ነው። ዐይኗ ከእንጆሪው ላይ አልተነቀለም። ዳለቻ የእንጆሪውን አንገት በከንፈሯ ይዛ ወደ ድስቱ ዝቅ ስታደርግ፣ አዙራ ስታወጣው፣ ኮባ ቅጠል በተነጠፈበት ሰፌድ ላይ በቀስታ ስታሳርፈው አየች። የእንጆሪው ገላ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል።

«አይ እኔ!» አለች ቀበሮ፣ ደረቷን መታ አድርጋ። «ነገ ባዶ እጄን ስገባ ምን ይሉኝ ይሆን? ያንቺን ሙያ አይቼ አፈርሁ፣ እህቴ።»

ዳለቻ ሆዷ ባባ። ከከረጢቱ ግማሹን ቸኮሌት አፍሳ ሰጠቻት።

«እንኩ፣ እርስዎም ይሥሩ። ምንጣፉ ሰፊ ነው፤ ሁለታችንንም ይችለናል።»

«እግዜር ይስጥሽ! እንጨት የሚፈልጥልኝም አያ ጅቦ አለ። ድስት አስልስሃለሁ ካልሁት ጫካውን ይመነጥርልኛል።»

ዳለቻ የጅብ ስም ሲነሳ ጀርባዋ ቢሽመቀቅም «ይርዳዎ» ብላ ሸኘቻት። ሰፌዷንም ወንዝ ዳር ጥላ ሥር አሳደረችው። ቸኮሌቱ ደርቆ ሲነክሱት ቀጭ የሚል ሆነ። ከዚያ ጎጆዋ ገብታ መቀመጥ ተለማመደች። የፊት እግር ይቀድማል ወይስ የኋላ? ደጋግማ ሞከረች፣ ደጋግማም ተንከባለለች።

በማግስቱ ዳለቻ እንደ ወትሮው ሁለት ጆንያ ዱቄትና አንድ ጋን ተጭና፣ ሰፌዷን በኮባ ሸፍና በጥርሷ ይዛ ስትነሳ፣ ቀበሮ በኮባ የተሸፈነ ሰፌድ ይዛ ብቅ አለች። ከኋላዋ አያ ጅቦ ሆዱን ነፍቶ፣ አፍንጫው ቡናማ ሆኖ ይከተላል።

«ውይ በሞትሁት! ይህ ሁሉ ጭነት ላይ ደግሞ ሰፌድ?» አለች ቀበሮ። «አምጪ፣ እኔ እይዝልሻለሁ። አንቺ በእርጋታ ነይ።»

ዳለቻ ትንሽ አመነታች። ወዲያው ደግሞ ማመንታቷ አሳፈራትና ሰፌዱን ሰጠቻት። መንገዱን ሁሉ ስለ እግሯ አስተጣጠፍ እያሰበች ሄደች።

ስትደርስ እንግዳው ሞልቷል። ጭነቷን አራግፋ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቱ ሰፌዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ይቺ የእኔ፣ ያቺ የዳለቻ» አለች ቀበሮ ጮክ ብላ፤ የራሷንም ገለጠች።

እንጆሪው አበራ። ሙዙ አበራ። በለሱ አበራ። የአንበሳ ልጆች እርስ በርስ ተረጋገጡ። ጌታው አንበሳ አንዱን አንስቶ ገመጠ፤ ቀጭ አለ። ጢሙን ላሰ፣ ዐይኑን ጨፈነ።

«እመት ቀበሮ! ይህን ሙያ ከየት አመጣሽው?»

«የዘር ነው ጌታዬ። እናቴም እንዲሁ ነበረች።»

ዳለቻ ከበሩ ላይ ሆና ይህን ስታይ የመጀመሪያ አሳቧ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አቤት ስትፈጥን! አንድ ቀን አይታ እንደ እኔ አድርጋ ሠራችው!» ብላ ደስ አላት።

ቀጥሎ የሷ ሰፌድ ተገለጠ።

የተደረደረው ነገር የደረቀ ጭቃ ይመስላል። ሻካራ፣ ጉብጉብ ያለ፣ ግራጫማ። ትንሹ የአንበሳ ልጅ አንዱን ነክሶ ወዲያው ጮኸ። ቸኮሌቱ ሥር ያለው በለስ ከነልጣጩ፣ ከነእሾሁ ነው!

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጦጢት ከምሰሶው ላይ ሆና «ዳለቻ! ይህ ለመብል ነው ወይስ ለግድግዳ ምርጊት?» አለች። ጌታው አንበሳ ግን አልሳቀም፤ የልጁ ምላስ ደምቷል።

ዳለቻ ያኔ ነው የገባት። ወደ ቀበሮ አየች፤ ቀበሮ ጣሪያውን ታያለች። የእኔ አይደለም ልበል? ሰፌዱን በገዛ እጅሽ አልሰጠሽም ወይ ቢሉኝስ? ምስክር የለኝም።

«አይፍረዱባት ጌታዬ» አለች ቀበሮ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ምስኪን ናት። ሸክም እንጂ ሙያ ማን አስተማራት?»

እመት አንበሲት ፊቷን አጨማደደች። «ይህን ነገር አውጡና ወንዝ ጣሉት። እሷም ትውጣ።»

ዳለቻ ዞረች። ከማገዶው አጠገብ ያለው ሣር ታያት።

«አይጣልም!»

አያ ጅቦ ነው። ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ሰፌዱን በሁለት እጁ አቅፏል።

«አያ ጅቦ፣ ተቀመጥ» አለች ቀበሮ በጥርሷ መሃል። «ጠግበሃል።»

«እኔ ጠግቤ የማውቅ? ደግሞስ የደከምሁበትን ነገር ወንዝ ሊጥሉት? ካልበላችሁት ለሠሪው ይሰጠው። ሠሪው እኔ ነኝ!»

«አንተ?» አለ አንበሳ።

«አዎን ጌታዬ! እመት ቀበሮ ቤት፣ እሷው ድስት ላይ። እንጆሪ ልልቀም ብላ ስትወጣ ‹አማስል› አለችኝ። አማሰልሁ። ማማሰያው እንዳይቆሽሽ ላስሁት። ደግሜ አማስዬ ደግሜ ላስሁት። ቀና ስል ድስቱ ጎድሏል። እንግዳ ሲበዛ፣ ወጥ ሲያንስ ምን ይደረጋል? ውሃ ጠብ ይደረጋል! አንድ ጣሳ ጨመርሁበት። ወዲያው ወፈረልኝ፤ እሰይ አልሁ። በለሱንም ብልጠው ያንሳል ብዬ ከነልጣጩ ለወስሁት። ይቺ መጥታ ጮኸችብኝ፤ ዛሬ ደግሞ መንገድ ላይ የዳለቻን ሰፌድ ለራሷ አድርጋ የእኔን የዳለቻ ነው አለች። ዝም ያልሁት በማንም ስም ይቅረብ፣ ይበላልኛል ብዬ ነው። ይጣል ካላችሁማ ዝም አልልም!»

እንግዳው ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ።

«ጌታዬ» አለች ቀበሮ፣ ጅራቷን እግሯ ሥር እየቀበረች፣ «የጅብ ወሬ ይሰማሉ?»

«ጅብ ስለ በላው ነገር ሲዋሽ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለ አንበሳ። «ስለ ሠራው ነገር ግን ዋሽቶ አያውቅም። ሠርቶ አያውቅማ!»

እመት አንበሲት ወደ በሩ ዞረች። «ዳለቻ፣ የሚያበራው ያንቺ ነው?»

«ነው እመቤቴ። ግን እመት ቀበሮን እኔ በደንብ አላስረዳኋቸውም መሰለኝ። ውሃ እንዳይነካው ያልሁትን ለአያ ጅቦ መንገር ነበረብኝ።»

እመት አንበሲት ሳቋን መያዝ አቃታት። ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። ዳለቻ በእንግዳው መሃል አልፋ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ አንድ እግሯን ስታሳርፍ፣ ከኋላዋ ጩኸት ተነሳ። አያ ጅቦ ሰፌዱን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ኖሯል፤ ምላሱ በእሾህ ተሞልቶ ወጥቷል። ወደዚያ አፍ ማን ይጠጋል? ሁሉም አፈገፈገ።

ዳለቻ እግሯን ከምንጣፉ አነሳች። ተመልሳ ሄዳ ከንፈሯን ወደ ጅብ አፍ ሰደደች።

«አያ ጅቦ፣ በጌታ፣ አፍህን ልትዘጋ ስትል አስቀድመህ ንገረኝ።»

«እእእ» አለ ጅቦ፣ እንባው እየወረደ።

እሾሁን አንድ በአንድ ነቀለችለት። ሃያ ሰባት ነበር፤ ጦጢት ከምሰሶው ላይ ሆና ቆጥራለች።

ከዚያ ዳለቻ ሄዳ ከእመት አንበሲት ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ በየዓመቱም እዚያው ተቀመጠች። አያ ጅቦ ሦስት ቀን ሾርባ ብቻ ጠጣ። እመት ቀበሮ ተፈርዶባት የድግሱን ድስትና ሰፌድ ሁሉ ወንዝ ወርዳ አጠበች፤ ባዶውንም ጋን ተሸክማ መለሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሸክማችንን ለሚሸከምልን ጎረቤት ከማዕዳችን ቦታ ልንለቅለት እንደሚገባ፣ የሰው ሙያም ሰፌድ በመለዋወጥ ብቻ የራስ እንደማይሆን ነው።