ከአደኑ በፊት የተቀባው ቅቤ

ጠመንጃ ያወራል ብላችሁ የምታምኑ እጃችሁን አውጡ። አንድም ሰው? ጎበዞች! እንግዲህ እስከ መጨረሻው ሳታምኑኝ ከዘለቃችሁ አሸነፋችሁኝ። ጀመርኩ።

ድሮ፣ ድሮ፣ ዛፍም ድንጋይም ሲናገር፣ ዝናብ እምቢ ያለበት አንድ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ባዘዘውና ይሁኔ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው የታወቀ አዳኝ ነበር፤ ሞተ። የተወላቸው አንድ አሮጌ ጠመንጃና ሦስት ጥይት ነው። እቤት እናታቸውና ትንሿ እህታቸው ትርንጎ አሉ። ትርንጎ በረሃብ ከስታ ከስታ ከመደብ መነሳት አቅቷታል።

«መረቅ ካልቀመሰች ሳምንቱን አትዘልቅም» አለች እናትየው።

ከመንደሩ በላይ ጫካ አለ። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። የፈለገ ገብቶ ያድናል። ልጆቹ ግን አድነው አያውቁም። አባታቸውንም ሲያድን አላዩትም። ያዩት ሲመለስ ነው፤ ራሱን ቅቤ ሲቀባ፣ ደጃፍ ላይ ሲፎክር፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ። አደን ማለት እሱ መሰላቸው። ስለዚህ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቤት ውስጥ የቀረችውን ትንሽዬ ቅቤ፣ ያቺን ለትርንጎ የተቀመጠችውን፣ አናታቸው ላይ ለጥፈው ወጡ!

በመጀመሪያው ቀን እመት አጋዘንን (ያኔ ሴቷም ቀንድ ነበራት) ወንዝ ዳር ውሃ ስትጠጣ አገኟት። ባዘዘው ብድግ አለና፣ «ዘራፍ! ገዳይ የገዳይ ልጅ!» ብሎ ፎከረ።

እመት አጋዘን ቀና አለች። «ውይ፣ እንግዳ አለብኝ እንዴ?» ብላ እብስ አለች።

ባዘዘው ተኮሰ። ጥይቱ የኮሶ ዛፍ ላይ ተሰካ።

«እኔ ምን አደረግኩህ?» አለ ኮሶው።

«አንተ ጅል!» አለ ጠመንጃው። «አባትህ የሚፎክረው ሥጋው ድስት ከገባ በኋላ ነበር። ሁለት ቀረኝ።»

በሁለተኛው ቀን አፋቸውን ዘግተው በሆዳቸው ተሳቡ። ነፋስ ከኋላቸው መጣ፣ አሸተታቸውና ሳቀ። «ምንድን ነው፣ ሰርግ አለ?» ብሎ የቅቤውን ሽታ ይዞ ወደ አጋዘኗ ሮጠ።

እመት አጋዘን አፍንጫዋን አነሳች። «ለጋ ነው ወይስ የተነጠረ?» ብላ ጠፋች። ይሁኔ ተኮሰ፤ ድንጋይ መታ። ድንጋዩ የተሳደበውን እኔ እዚህ አልደግመውም።

«አንድ» አለ ጠመንጃው።

እቤት ሲገቡ ትርንጎ ቀና ለማለት ሞከረች። «ሸተተኝ፤ መረቅ ነው?»

«አይ፣ ጭንቅላታችን ነው» አለ ይሁኔ፣ አንገቱን ደፍቶ።

በሦስተኛው ቀን ራሳቸውን በአመድ ፈተጉ። ነፋሱን ከፊታቸው አድርገው፣ አድፍጠው፣ ዝም ብለው ዋሉ። እመት አጋዘን መጣች። ይሁኔ ተኮሰ። ወደቀች።

«ተሸከሟት!» ብሎ ጮኸ ጠመንጃው። «አሁኑኑ ወደ ቤት!»

«ገዳይ እኔ ነኝ» አለ ይሁኔ።

«ምናባህ! መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ» አለ ባዘዘው።

ይሄኔ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጣ። ጨዋ ሆኖ፣ እጅ ነስቶ። «ጌቶቼ፣ አትጣሉ፤ እኔ ልዳኛችሁ። ጀርባችሁን ለሥጋው ስጡና በየተራ ፎክሩልኝ። የበለጠ የፎከረ፣ ገዳይ እሱ ነው።»

«ልጆች፣ ተው!» አለ ጠመንጃው። ማን ይስማው!

ባዘዘው ፎከረ። ይሁኔ ፎከረ። ባዘዘው ዘለለ፣ ይሁኔ አፈር በተነ። «እሰይ! ድገመው!» ይላል አያ ጅቦ። ከኋላቸው ደግሞ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አክስቱ፣ የአክስቱ ልጆች... ጉሮሯቸው ደርቆ ዞር ሲሉ፣ ሁለት ቀንድ ብቻ።

«አታለልከን!»

«ጫካው የሁሉም አይደል?» አለ አያ ጅቦ አፉን እየጠረገ። «እኔስ ከሁሉም አንዱ አይደለሁም?»

ቀንዱን ይዘው ገቡ። እናትየው ቀንዱን አየች፣ እነሱን አየች። እልል አላለችም። ቀንዱን ድስት ውስጥ ከታ እሳት ለኮሰች።

«እትዬ፣» አለ ድስቱ፣ «የፈለግሽውን ያህል ብታነጂብኝ ከዚህ የሚወጣው ውሃ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ዝም ብለህ አፍላው።»

ትርንጎ ሁለት ጉንጭ ጠጣች። «ይጣፍጣል» አለች፤ ውሸቷን ነው። ከዛ ወንድሞቿን አየቻቸው። «እንደ አባዬ አትፎክሩልኝም?»

ባዘዘው አፉን ከፈተ። ምንም። ይሁኔ አፉን ከፈተ። ምንም። ያ ሁሉ ዘራፍ የት እንደገባ እንጃ። ትርንጎ ፉከራውን እየጠበቀች ዓይኗን ከደነች። በዚያው አልገለጠችውም።

ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመንጃ ይጮሃል እንጂ አይናገርም። እናንተም ሲያወራ ሰምታችሁ የማታውቁት ለዚህ ነው።

ምን ለማለት ነው? ገና ምንም ሳይሠራ ለራሱ ቅቤ የሚቀባ ሰው፣ ቅቤውን ያነሳው ከተራበ ሰው አፍ ላይ ነው።

አመናችሁ አይደል? አትደብቁ፣ ዓይናችሁን አይቼዋለሁ። የተሸነፈ ቅጣቱ ይሄ ነው፤ ነገ ለአንድ ሰው ንገሩልኝ። የኔን ስም ብትረሱም ግድ የለም። የትርንጎን ግን አትርሱ።