የአይደገሜ ወለል

በበጌምድር ቆላ አፋፍ ላይ የተተከለችውን ደብር የአገሬው ሰው አይደገሜ ማርያም ይላታል። ስሟ የወጣው ከወለሏ ነው፤ ሰፊና ጠባብ በሆኑ ሁለት ዓይነት ባለሹል ጫፍ ጥርብ ድንጋዮች የተነጠፈ፣ መርፌ የማያስገባ፣ ሆኖም ከበሩ እስከ መቅደሱ ቢሄዱበት ጥለቱ ተመልሶ የማይደገም ወለል ነው።

አባቶች እንደሚሉት ደብሯን ያሠሩት ባላምባራስ ጓንጉል የተባሉ የአገሩ ገዥ ነበሩ። የመቅደሱ መሠረት ባለአምስት ማዕዘን ስለነበር ጠራቢዎቹ ድንጋዩን በረድፍ ባነጠፉ ቁጥር ክፍተት እየቀረ አስቸገራቸው። ባላምባራስም ተቆጥተው «ታቦቱ እስኪገባ ወለሉ ካልሞላ አገሬን ትለቃላችሁ፤ ከሞላ ግን የሰፈራችሁበት አፋፍ ርስታችሁ ይሁን» አሉ። ጠራቢዎቹ በእጅ ሥራቸው እየተናቁ ርስት ሳያውቁ የኖሩ ናቸውና ቃሉ ተስፋም መርዶም ሆነባቸው።

ከመካከላቸው ባሏን ናዳ የቀማት የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች፤ የባሏ መቃብር እዚያው አፋፍ ላይ ነውና ጥላው የምትሄድበት አገር አልታያትም። የእሱን መዶሻ አንሥታ ረድፉን ሁሉ አፈረሰችው። አምስት ሰፋፊ ድንጋዮች ጫፍ ለጫፍ ብትገጥም ኮከብ ሆኑላት፤ በኮከቡ ብብት ጠባቦቹን ብትሰካ ልክክ አሉ። ከዚያ ወዲያ ረድፍ መፈለጉን ትታ፣ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቶቹን እያየች አነጠፈች፤ ወገኖቿም አብረዋት አነጠፉ፤ ወለሉም ሞላ ይባላል።

ባላምባራስ መጥተው አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ ምን ሥርዓት አለው? እንደ ፍየል በጠጥ የተበተነ!»

የሻረግም ቀና ብላ መለሰች። «ጌታዬ፣ ያልተደገመ ሁሉ የተበተነ አይደለም። ካሻዎት ቦታ ያስነሡና እርስዎው ይመልሱት፤ ጎረቤቶቹ ይነግሩዎታል።»

ባላምባራስም ከመሐል አስነሥተው ድንጋዮቹን ካደባለቁ በኋላ ካባቸውን ጥለው ተንበረከኩ። አንዱን በግድ ቢሰኩት ቀጣዩ እምቢ አለ፤ ነቅለው ቢያዞሩት ግን አንዱ ሌላውን እየጠራ ገባ። የመጨረሻው ቀጭ ብሎ ሲገጥም ባላምባራስ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ርስቱስ ጌታዬ?» አለች የሻረግ።

«ያንቺ ነው! የወገንሽም ነው፤ እስከ ልጅ ልጅ!»

የጠራቢዎቹ እልልታ ገደሉን አናወጠው፤ የሻረግም ከባሏ መቃብር ላይ ተደፍታ ደስታዋን አለቀሰችው።

ዛሬም በንግሥ ዕለት የደብሩ አለቃ በሩን ከፍተው መኳንንቱንም ሽማግሌውንም ወደ ጎን ያቆሙና «ባለርስቶቹ ይግቡ!» ይላሉ፤ ያን ጊዜ የጠራቢዎቹ ዘሮች ቀና ብለው፣ ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ።