አንበሳም አንድ ዕጣ ብቻ የጣለበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ በቀረበት ቆላ፣ ከአንዲት ምንጭ በቀር ውሃ የሚባል ነገር ጠፋ። ምንጯም ብትሆን ከገደል ሥር ጠብ ጠብ የምትል ናት፤ ቀኑን ሙሉ ተጠራቅማ የምትበቃው ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ሁሉም ከገባባት በሁለት ቀን ጭቃ ትሆናለች። የቀረው እንስሳ አንድ ቀን ተኩል ተጉዞ እስከ ትልቁ ወንዝ መውረድ አለበት። ጉልበት ላለው ይሄ ከባድ አይደለም። እናት አህያ ግን ከተወለደ ገና አራት ቀኑ የሆነ ውርንጭላ ነበራት። ጡቷ በውሃ ጥም ስለደረቀ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። እሱን ወንዝ ድረስ መውሰድ ማለት መንገድ ላይ መቅበር ማለት ነው።

አንበሳ እንስሳቱን ምንጯ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰበና «ዝናብ እስኪመጣ ምንጯ ለማን ትሁን?» ብሎ ጠየቀ።

«በሩጫ ይለይልን!» አለች ሚዳቋ።

«ሩጫ ምን ቁም ነገር አለው? በግፊያ ይሁን እንጂ» አለ ጎሽ አንገቱን እያወዛወዘ።

«ዛፍ በመውጣት!» አለች ጦጣ።

«በመብላት!» አለ አያ ጅቦ። ሁሉም ሳቁ። «ምን ያስቃችኋል? እያንዳንዳችሁ የምትችሉትን ተናገራችሁ፤ እኔም የምችለውን ተናገርኩ!»

ለነገሩ ጅብ በዚህ አልተሳሳተም። ውድድር ማለት ይኸው ነው፤ ችሎታ ያለው ያሸንፋል። ስለዚህ ማንም ቢሆን እሱ የሚያሸንፍበትን ውድድር ነው የሚመርጠው።

አንበሳ ፈገግ አለ። «ውድድር ከሆነማ ክንዴን የሚችል ማን አለ? ግን ዛሬ በጉልበት ብወስዳት፣ ከእኔ የበረታ በመጣ ቀን ምን ብዬ እሟገታለሁ? ዕጣ እንጣል።»

«ዕጣ ደግሞ በምን ጉልበት ነው የሚሸነፈው?» አለ ጅብ።

«በምንም!» አለች አንዲት አሮጊት ከመሬት ውስጥ ብቅ ብላ። ዓይነ ስውሯ እማማ ፍልፈል ነበረች። «ዕጣ አይሮጡትም፣ አይገፉትም። ጥለው ይጠብቁታል፤ በቃ።»

ቅርጫ ሲከፋፈል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቅጠል ዕጣ ብሎ ይሰጣል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ደግሞ በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። የሚያስቀምጠው እጅ ባለጸጋውን ከድሃው አይለይም። አስቡት እስቲ! በዓለም ላይ ስንት እጅ እንዲህ ነው?

አንበሳ ደንቡን ተናገረ። «ለአንድ ቤት አንድ ዕጣ፤ የእኔም አንድ ነው። ከመጣሉ በፊትም ሆነ ከወጣለት በኋላ ማንም ምንም አይከፍልም። ነገ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ራሳችሁ መጥታችሁ፣ ሁሉም እያየ አንድ ቅል ውስጥ ትጥላላችሁ። የምታወጣው እማማ ፍልፈል ናት።»

«እሷ እኮ አይታያትም!» አለ ጅብ።

«አንተ፣ ስለማይታየኝ እኮ ነው የተመረጥኩት!» አለችው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እመት ቀበሮ ከጅብ ዋሻ ደጃፍ ደረሰች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«አያ ጅቦ! እንኳን ደስ አለህ! ምንጯ ላንተ ወጣችልህ!»

«ለእኔ? ዕጣው ነገ አይደለም እንዴ?»

«የነገው ለተራው እንስሳ ነው። ያንተ በልዩ ወጥቷል። ዝም በል ብቻ፣ ምቀኛ ብዙ ነው። አሁን የቀረው ማስረከቢያው ነው፤ ያቺ የቀበርካት የበሬ ቆዳ ትበቃለች። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ለጎሽ ይተላለፋል።»

ጅብ ያንን ቆዳ ለክፉ ቀን ብሎ ሦስት ወር ሙሉ ሳይነካው አስቀምጦታል፤ ለጅብ ይሄ ተአምር ነው። ለጎሽ ይተላለፋል የሚለውን ሲሰማ ግን ሳያስብ ቆፍሮ አወጣውና አስረከባት።

«ነገስ ልምጣ?»

«አሸናፊ ደግሞ ምን ያንጋጋዋል? አርፈህ ተኛ!»

ቀበሮ ቆዳውን ደብቃ ወደ አህያ ሄደች።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ የእኔ እናት! ምንጯ ላንቺ ወጥታልሻለች። ማስረከቢያ አልጠይቅሽም፤ ምን አለሽና! ውርንጭላሽን ብቻ መያዣ ስጪኝ። አሁኑኑ ወርደሽ ጠጪ፤ እሱን ነገ ትወስጂዋለሽ።»

አህያ ልጇን አየች። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ! ነገ ሳይሆን ዛሬ! አንድ እርምጃ ወደ ቀበሮ ተራመደች። ከዚያ ቆመች።

«እመት ቀበሮ፣ እኔ ቶሎ አይገባኝም፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕጣዬን ገና አልጣልኩም። ያልጣልኩት እንዴት ወጣልኝ?»

«እሱማ... በሌላ ቅል ነው።»

«እሺ። ውሃው የእኔ ከሆነ ለምን መያዣ እሰጣለሁ? የእኔ ካልሆነስ መያዣው ለምንድን ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ኋላ ትቆጫለሽ! ጊዜው እያለፈ ነው!»

«ምን ያስቸኩልሻል? እውነት ከሆነ ነገም እውነት ነው።»

ቀበሮ ጥርሷን እያፋጨች ሄደች። አህያም ልጇን በሆዷ ሥር አስገብታ ቆመች። «እውነት ቢሆንስ ኖሮ?» እያለች አደረች።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዋርካው ሥር አርባ አንድ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ኤሊ ጠጠር ጣለች። ዝሆን ቅርፊት ጣለ። ጃርት ከገላዋ አንድ እሾህ ነቅላ ጣለች። አህያ የኮሸሽላ እሾህ በጥርሷ ይዛ መጥታ ጣለች። በመጨረሻ አንበሳ ከጎፈሩ አንዲት ፀጉር ነጭቶ፣ ቋጥሮ፣ ቅሉ ውስጥ ለቀቃት። የንጉሥ ፀጉር ከኤሊ ጠጠር ጋር ተደባለቀች። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። አርባ አንድ ዕጣ፤ ለአንበሳም ከአርባ አንድ አንድ፣ ለኤሊም ከአርባ አንድ አንድ! እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቆላ ታይቶ አይታወቅም።

እማማ ፍልፈል ቅሉን ነቀነቀችው። እጇን ሰደደች። ጎሽ ትንፋሹን ያዘ።

«ኧረ ይወጋል!» አለች።

«የእኔ ነው! የእኔ!» ብላ ጃርት ዘለለች። አህያ ወደ ልጇ ዞረች።

ፍልፈል እጇን አወጣች። ጫፉ ላይ ደረቅ አበባ የተጣበቀበት እሾህ ነበር፤ ኮሸሽላ።

ሁሉም ከአህያ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ አንበሳ አዞረ። የአንበሳ ምላስም ደርቋል፤ ሦስት ደቦሎቹ ከኋላው ያለከልካሉ። አንድ ጊዜ ቢያገሳ ያ ሁሉ እንስሳ ይበተን ነበር። አንበሳ ተነስቶ ወደ አህያ ሄደ። ውርንጭላው በእናቱ እግሮች መካከል ተሸጎጠ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት በዝግታ። «ልጅሽን አጠጪው እንጂ።»

ይሄኔ ጅብ እያዛጋ መጣ። «ማን ነው ውሃዬን የሚጠጣው?»

«ዕጣህ ቅሉ ውስጥ ነበር?» አለችው ፍልፈል።

«ምን ዕጣ! እኔ እኮ ትናንት አሸንፌያለሁ! ማስረከቢያም ከፍያለሁ! ጠይቋት፣ እመት ቀበሮን...»

ቀበሮ ግን ሩጫ ጀምራ ነበር። «እንኳን ደስ አለህ ማለት ወንጀል ነው እንዴ?» እያለች ትጮኻለች። ጅብም «ቆዳዬን! ቆዳዬን!» እያለ ተከተላት። ቆዳው ግን ተበልቶ ካለቀ ቆይቷል።

አህያ ባይወጣላት ኖሮስ? ከአርባ አንዱ አርባዎቹ አልወጣላቸውም፤ ዕጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ የሚቀርበት ይበዛል። ግን እነዚያ አርባዎቹ ከአንዲት ጠጠር ወይም ከአንዲት ስንጥር በላይ አላጡም። አህያም ባይወጣላት ልጇ ቢያንስ የቀበሮ ራት አይሆንም ነበር።

ውርንጭላው አፉን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። አንበሳም ደቦሎቹን አስከትሎ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። መንገዱ በምንጯ አጠገብ ነው የሚያልፈው። የውሃው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። አንገቱን ሳያጎነብስ አለፈ፤ ዝሆን ሳይቀር ከመንገዱ ገለል ብሎ አሳለፈው።

ከዚህ የምንማረው፣ የእውነት ዕጣ ትልቁንም ትንሹንም ያለ ክፍያ እኩል እንደሚያሰልፍ፣ «ወጥቶልሃል፤ ግን መጀመሪያ ይሄን ስጠኝ» የሚል ግን ሊሸልመን ሳይሆን ሊበላን የመጣ መሆኑን ነው።