ለፋሲካ የታሰበው ጠቦት

«አንድ በግ አርቢ ነበረ፤ መንጋው በየዓመቱ የሚያንስበት። በቁጥር አይደለም፣ በቁመት።»

ሽማግሌው ጋሽ መኩሪያ ምሳሌውን እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ ዳምጠው የሚባል ባለጋራዥ መጥቶ ቢጠይቃቸው ነው፤ «ሠራተኞቼን እኩል አበላለሁ፣ እኩል መሣሪያ እሰጣለሁ፤ አዲስ የሚገባው ሁሉ ግን ከፊተኛው ይብሳል። ምን አጠፋሁ?»

ያ በግ አርቢ፣ በአባቱ ጊዜ የዚያ ቤት በግ መጣ ሲባል ገበያው ዞሮ ያይ ነበር። አሁን ግን ገዥው ጠቦቱን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ «ይሄ በግ ነው ወይስ የበግ ፎቶ?» ይለዋል። ሰውየው ተቃጠለ። የግጦሽ ቦታ ቀየረ። ፉርሽካ ጨመረ። የሰው ዓይን ነው ብሎ በየበጉ አንገት ጨሌ አሰረ። ወይ ፍንክች። ይህ ፋሲካ ካልተሳካለት መንጋውን ሸጦ የአባቱን ጋጣ ሊዘጋ ማለ።

በዚያው ዓመት ታዲያ ከጠቦቶቹ አንዱ ተመዘዘ። ጀርባው ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም። የሰውየው ልብ ዘለለ። እንደ ልማዱም በግ የሚያኮላሸውን ሰው ጠራ። እዚያ አገር ደንቡ ይኸው ነው፤ ያማረው ወንድ ይኮላሻል፣ ይሰባል፣ ሙክት ሆኖ ለበዓል ይወጣል። ያላማረው ማንም ስለማይፈልገው እንዲሁ ከሴቶቹ ጋር ይውላል።

ጠቦቱ ተጠልፎ ወደቀ። አኮላሺው እጅጌውን ሰበሰበ። እግሩን የያዘችው የሰውየው ሚስት ድንገት ቀና አለች።

«ስማ እንጂ፣ የዚህ አባት የቱ ነበር?»

«አምና ያኮላሸነው ትልቁ ነዋ። እስክንደርስበት አንዷን ሴት በግ ቀድሞ አግኝቷት ነበር።»

«የሌሎቹስ አባት?»

ሰውየው ዞሮ አየ። ጋጣው ጥግ አንድ ኮሳሳ አውራ ቆሟል። ከሌሎቹ ጋር አንድ ሣር ሲግጥ፣ አንድ ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ከጉልበት ያላለፈ። ማንም ስላልገዛው፣ ማንም ስላላኮላሸው፣ የመንጋው አባት እሱ ሆኗል።

«እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት ሣር ስሰድብ ነው የኖርኩት» አለ ሰውየው።

አኮላሺው ሰለቸው። «ላኮላሸው ወይስ ልሂድ?»

«ልቀቀው። ያንን ኮሳሳ አምጣና አኮላሽልኝ።»

«ያንን? እሱ ቢሰባስ ማን ሊገዛህ? ለፋሲካ ምን ልታወጣ ነው?»

«ፋሲካ ያለ ሙክት ይለፈኝ።»

በዚያ ፋሲካ ገበያ አልወጣም፤ ጎረቤት ሳቀበት። ክረምቱ አልፎ በጎቹ ሲወልዱ ግን ጋጣው ሌላ ጋጣ ሆነ። ሁሉም አልገዘፉም፤ እናታቸውን የመሰሉም ነበሩ። ቢሆንም ከዚህም ከዚያም ሰፊ ጀርባ ብቅ ብቅ አለ፤ ሰውየው ቁርሱን እየረሳ ጋጣው በር ላይ ይገተር ጀመር። ከእነዚያም የበለጠውን ለአውራነት አስቀረ፣ የቀረውን ለበዓል አሰባ። ያ «የበግ ፎቶ» ብሎ ያላገጠው ገዥ ተመልሶ መጥቶ፣ አንዱን በሁለት እጁ ሊያነሣ ሞክሮ አቃተው።

ጋሽ መኩሪያ ወደ ዳምጠው ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ሰው በግ አይደለም፣ ሙያው በደም አይመጣለትም፤ ካስተማረው ሰው ግን ይወርሳል። እጁ የተፍታታውን መካኒክ ሁሉ ከሞተሩ ላይ አንሥተህ የራስህ ሾፌር ወይም የቢሮ ሰው ታደርገዋለህ፣ እንግዳ እንዲያይልህ። አዲሶቹን የሚያስተምራቸው ማነው? ሌላ ቦታ ያልተፈለገው። ስለዚህ ምን አበላኋቸው አትበል፤ ማንን አባት አድርጌ ተውኩላቸው በል።»

ዳምጠው ተነሥቷል።

«ወዴት ነው?»

«እቴነሽን፣ ያቺን ጎበዟን መካኒክ፣ ነገ ከጋራዥ አውጥቼ ቢሮ ላስቀምጣት ነበር እኮ ጋሼ።»

«ወንበሩ ተገዝቷል?»

«ተገዝቷል።»

«ኮሳሳውን አስቀምጥበት» አሉት፤ ዳምጠው ግን በሩን አልፎ እየሮጠ ነበር።