ለንቦቹ የተተወ ማር

አንድ ሰው ነበረ፤ ንብ አናቢ። አምስት ቀፎ ነበረው። ማር ሲቆርጥ ሁልጊዜ ግማሹን ለንቦቹ ይተዋል፤ ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከዳ። ዝናቡ በሐምሌ ተቋረጠ፤ መስኩ ሳያብብ መስከረም አለፈ። ሦስቱን ቀፎ ንቡ ጥሎት ሄደ። በቀሩት ሁለቱ ውስጥ ያለው ማር ንቦቹን እስከሚመጣው ክረምት በጭንቅ ቢያደርሳቸው ነው። ሰውየው ደግሞ በዚያው ጥር የመጀመሪያ ልጁን ሊድር ቀን ቆርጧል። ንብ አናቢ ልጁን ያለ ጠጅ ዳረ ሲባል በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም።

ኅዳር ሲገባ ጎረቤቶቹ ቀፎዎቻቸውን ጠርገው ቆረጡ። «የከርሞን ማን ያውቃል? የቆረጥነው የኛ ነው» አሉ። አንደኛው መጥቶ መከረው።

«ንቦችህን መንካት ካሳሳህ፣ ስኳር በጥብጥና ጥቂት ማር ጣል አድርግበት። ጌሾ ከገባበት በኋላ ማን ይለየዋል?»

«እኔ እለየዋለሁ» አለ ንብ አናቢው።

ሚስቱ ግን አዘነች። «ለንብ ብለህ ልጄን መሳቂያ ልታደርጋት ነው?» አለችው። በማግስቱ ጠዋት ቢላዋውንና ማጨሻውን ይዞ ወደ ቀፎዎቹ ወረደ። አንዱን ከፈተ። ንቦቹ ባለቻቸው ጥቂት ማር ላይ ተደራርበው ሰፍረዋል። እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ቆም አለ። «ይህን ከቆረጥሁ ከእንግዲህ ዝናብ አይመጣም ብዬ ፈረድሁ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንደዚያ አላምንም» አለ በልቡ። ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ ዳሩን በእበት መረገው። ቤት ገብቶም ለሚስቱ «ጠላ ጥመቂ» አላት።

የሠርጉ ዕለት የሙሽራው አባት ዋንጫውን ቀምሰው አስቀመጡ። ባለጸጋና የተከበሩ ሰው ናቸው። «ንብ አናቢ ቤት ጠጅ ጠፋ እንዴ?» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ንብ አናቢው ተነሣ። «አዎ ጌታዬ። ያለኝ ማር የንቦቼ ስንቅ ነው፤ ከርሞ ይሠሩበታል። ስኳር በጥብጬ ማር ነው ብዬ ላቀርብልዎ ደግሞ አልወደድሁም። ይህ ጠላ ግን ጠላ ነው፤ ይጠጡልኝ።»

ሚዜዎቹ ግጥም አወጡበት፤ አንዳንዱም ሳቀ። የሙሽራው አባት ዋንጫቸውን ጨረሱ፤ ግን ሳይሰናበቱ ሄዱ። ሚስቱ ስምንት ቀን አኮረፈችው።

እሱ ባዶዎቹን ሦስት ቀፎዎች አጠበ፤ በወይራ ቅጠል አጠነና ዛፍ ላይ መልሶ ሰቀላቸው። በየቀኑ ከወንዝ ውኃ እያመጣ ለንቦቹ በገበታ ያቀርባል። ጆሮውን ቀፎው ላይ አስጠግቶ ያዳምጣል። ግንቦት ላይ ድምፃቸው ቀጠነ፤ ያን ጊዜ ፈራ። መፍራቱን ለሚስቱ ነገራት እንጂ አልደበቃትም። ውኃውን ማመላለሱን ግን አልተወም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም እንስራዋን አዝላ ተከተለችው።

በሰኔ ዝናቡ ጣለ። መስከረም ሲጠባ አገሩ ቢጫ ለበሰ። ንቦቹ በዙ፣ ተከፈሉ፤ አዲሶቹ መንጋዎች ባዶዎቹን ቀፎዎች ሞሉ። በጎረቤቶቹ ቀፎ ግን የሸረሪት ድር ብቻ ነበረ። አበባው ሞልቶ ሳለ የሚቀስምላቸው አልነበረም። ቀፏቸውን ተሸክመው ወደ እሱ መጡ። አልነፈጋቸውም፤ በተራ በተራ ንብ አካፈላቸው።

ይርዳው ልጄ፣ «ሰው ሁሉ ዘመኑ ከፍቷል፣ አንተም እንደ ሰው ሁን ይለኛል፤ በጎ መጠበቅ ሞኝነት ነው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ያ ሰው ዝናቡን አላዘነበም። ዝናቡ ለጎረቤቶቹም ዘንቧል። ልዩነቱ ዝናቡ ሲመጣ ንብ ያለው እሱ መሆኑ ነው። በጎ መጠበቅ «ይሻላል፣ ይሻላል» እያሉ መቀመጥ አይደለም፤ ለሚመጣው ቀን የሚሆነውን ዛሬ አለመብላት ነው። እንደ ሰው ሁን ለሚሉህም ጠላህን ጠላ ብለህ አቅርብላቸው። ይሳቁ። አንተ ቀፎህን አትጥረግ።